የባዩሚ አወዳደቅ

ግብጽ ውስጥ የባዩሚን ያህል ደጋግሞ የሞተ ሰው የለም። በጥይት ሞቷል፣ በቢላዋ ሞቷል፣ ከባቡር ጣሪያ ተወርውሮ ሞቷል። አንድ ጊዜ በክረምት ብርድ ዓባይ ውስጥ ሰጥሞ ሞተና ዳይሬክተሩ «አልጣመኝም» ስላለ ልብሱን ጨምቆ እንደገና ሰጠመ። እንጀራው ይኸው ነበር። መልከ መልካሞቹ ተዋንያን ለካሜራ ፊታቸውን ይሰጣሉ፤ መውደቅ ሲመጣ ባዩሚ የእነሱን ልብስ ለብሶ ጀርባውን ይሰጣል። ጭብጨባው ለፊት ነው፣ ስብራቱ ለጀርባ። እንዲህ እያለ ከጎረምሳነት እስከ ሽበት ደረሰ።

ኢምባባ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከሙዓለም ኸሚስ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ከኒዕማት ጋር ይኖራል። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ረሻ። እሷም ጣንጣ ከተማ ተድራ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሰፈሩ በልጁ ስም እሱን አቡ ረሻ፣ ሚስቱን ኡም ረሻ እያለ ይጠራል።

ባዩሚን ጻድቅ አድርጌ አላቀርብም። ጉረኛ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ማንም ከየትኛውም ፈረስ ላይ ይውደቅ፣ «እኔ ነኝ!» ብሎ ይነሣል። አንድ ቀን እንዲያውም እሱ ሳይወለድ በተሠራ ፊልም ላይ አንድ ሰው ከደረጃ ሲንከባለል አይቶ «ያ እኔ ነኝ» አለና ኸሚስ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ቀልደኛ ጉረኛ ማንንም አይጎዳም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚጎዳው ራሱን ነው፣ ያውም እውነት ሲናገር።

በሙያው ግን አይቀልድም ነበር። ሙያውን ያስተማረው ሐጅ ዘናቲ የሚባል ሽማግሌ ነው። ገመድና በአየር የሚነፋ ፍራሽ ከመምጣቱ በፊት፣ ባዶ ካርቶን ከምሮ በላዩ ላይ ሲወድቅ የኖረ ሰው ነው። ሐጅ ዘናቲ ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበረች፦ «የሞተ ሰው እጁን አይዘረጋም፣ አይጮኽም፣ መሬቱንም አያይም። እንደ ሕያው ከወደቅህ ትሞታለህ። እንደ ሬሳ ከወደቅህ ትተርፋለህ።» ባዩሚ ይህችን ነገር እንደ ጸሎት ይዟታል። ሰውነቱን ልቅቅ አድርጎ፣ አንገቱን ጥሎ፣ እጁን እንደ እርጥብ ጨርቅ አንጠልጥሎ ሲወርድ የሚያየው ሰው ሞተ ብሎ «ኢና ሊላህ» ይላል። አጥንቱ እስካሁን የቆየውም በዚሁ ነው።

የዚያን ዓመት «የወደቡ ጅብ» የሚባል ፊልም ሥራ አገኘ። ለዒድ የሚደርስ፣ መኪና የሚጋይበት፣ ጥይት እንደ በቆሎ የሚፈነዳበት ፊልም ነው። ባዩሚም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ተሰጠው። ዳይሬክተር ሸውቂ በአገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ወደዳትና የወንበዴዎቹ አለቃ ቀኝ እጅ አደረገው። እስክንድርያ ወደብ፣ አንድ መጋዘን ሰገነት ላይ ይቆማል፤ ካሜራው ፊቱን ያያል፤ ጀግናው ይተኩሳል፤ ካሜራው ራቅ ይላል፤ ባዩሚም ሬሳ ሆኖ ይወድቃል።

ዒድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በመጨረሻው የቀረጻ ቀን፣ የገመዱ ሰዎች ቀሩ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሸውቂም ይነጫነጫል። ባዩሚ «ካርቶን ስጡኝ፣ ይበቃኛል» አለ። ጉራ አልነበረም፣ ሙያ ነበር። ካርቶኑን በገዛ እጁ ደረደረ፣ ወጣ፣ ተተኮሰበት፣ ወደቀ። አንዲት ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ሲነሣ ትከሻው እንደ ደረሰ ወይን ጠቁሯል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሠራተኛው አጨበጨበ። ሸውቂ ግንባሩን ሳመው፤ «አቡ ረሻ፣ እንዲህ ያለ ሞት አይቼ አላውቅም» አለው።

ዒድ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ በሞላ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ካህክ የሚባለውን የዒድ ብስኩት በፌስታል ይዞ፣ መሀል ከተማ ወደሚገኘው ሲኒማ ወረደ። የባዩሚ ፊት ሲመጣ የኢምባባ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ፤ ኒዕማት እልል አለች። ሲወድቅ ግን በወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። ባዩሚ አልሰማም፤ ወይም መስማት አልፈለገም። ሲወጡ ጎረምሶቹ በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ኩሻሪ ምግብ ቤቱ ወሰዱት። የዚያን ዕለት ደስታው እውነተኛ ነበር። ስለ ኋለኛው ነገር ሳስብ የማዝነው ለዚያች ቀን ነው።

ዒዱ ሳያልቅ የዋግዲ መናዊሺ ጽሑፍ ወጣ። ዋግዲ የትልቅ ጋዜጣ ሐያሲ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ምላሱ የተሳለ፤ ሲኒማ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስድቡን ለመቅመስ ያነበዋል። ኸሚስ ሻይ ቤቱ መሀል ቆሞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹ጀግናው በንዴት ቅንድቡን ሲያነሣ የተናደደ ሳይሆን የተኛ ሰው ይመስላል፤ መኪናዎቹ ከእሱ የተሻለ ይተውናሉ።›» ሻይ ቤቱ ሳቀ። ባዩሚም ሳቀ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ያንተም አለች አቡ ረሻ» አለ ኸሚስ። «‹ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ከሰገነት የወደቀው ነገር ነው። ነገር ያልኩት ሰው ስላልሆነ ነው። ዓይን ላለው ሁሉ እንደሚታየው ጥጥ የተጎሰጎሰበት አሻንጉሊት ነው። እጁ ይንጠለጠላል፣ አንገቱ ይወዛወዛል። ይህን ያህል ሀብት የፈሰሰበት ፊልም የሚጥለው አንድ ሰው አጣ? ቢሆንም ልፍረድ ካልኩ፣ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ የተወነው ያ አሻንጉሊት ነው፤ ቢያንስ አልተናገረም።›»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ሐሰት ነው!» አለ ባዩሚ ቆሞ። «እኔ ነኝ! ወላሂ እኔው ነኝ የወደቅሁት!»

«አዎን፣ ፈረሱም ላይ አንተ ነበርክ፣ ደረጃውም ላይ አንተ ነበርክ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ዚንሁም፣ ሻዩ እየተናነቀው። «ሳትወለድ የወደቅህ ሰው፣ ዛሬ አሻንጉሊት ወድቆልህ ምን አስጨነቀህ?»

ባዩሚ ጃላቢያውን ከትከሻው ገልጦ የበለዘውን ቦታ አሳየ። ገና አልጠፋም ነበር፤ ወደ ቢጫነት ሄዷል።

«ይህስ? ይህ ከየት መጣ?»

ኸሚስ ቀረብ ብሎ እንደ ሐኪም አየው። «ይህንንማ አውቀዋለሁ» አለ። «የኡም ረሻ መጥበሻ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቡ ረሻ የሚለው ስም ቀረ፤ ጥጡ ሆነ። «ጥጡ፣ ሻይ ይምጣልህ? እንዳትርስ ብቻ።» «ጥጡ፣ ንፋስ አለ፤ መስኮቱን ዝጋ፣ ይወስድሃል።» ሕፃናት ሳይቀሩ በደረጃው ላይ እጃቸውን አንጠልጥለው ይወድቁለታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች ኢምባባን አያውቋትም። እዚያ እውነት ባደረ ቁጥር ይደፈርሳል።

ባዩሚ ተስፋውን በሸውቂ ላይ ጣለ። ዳይሬክተሩ አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃል። ደግሞም ተናገረ። በቴሌቪዥን አንዲት አቅራቢ ስለ ዋግዲ ጽሑፍ ጠየቀችው። ሸውቂም አሰበ፤ ሲያስብ ይታያል። ሰው ነው ቢል «ገመዱ የት ነበር? ማን ፈቀደ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ከጥያቄውም በኋላ መርማሪ ይመጣል። ስለዚህ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። «ኡስታዝ ዋግዲ ዓይናቸው አይስትም። አዎን፣ አሻንጉሊት ነው። እኛ በሰው ሕይወት አንቀልድም» አለ። አቅራቢዋ ስለ ርኅራኄው አመሰገነችው።

ባዩሚ ስልክ ደወለ። ሸውቂ አላነሣም፤ ረዳቱ አነሣ።

«አቡ ረሻ፣ ነፍሴ፣ ዝም በል» አለው። «ዝም ካልክ ለመጪው ዒድ ሥራ አለህ። ካወራህ ግን ማን ያሠራሃል? ለእኛም ለአንተም አሻንጉሊት መሆኑ ይሻላል።»

እዚያ የነበሩትን ካሜራ ያዦች ለመነ። አንዱ «አላስታውስም» አለው፣ ሌላው «ልጆች አሉኝ» አለው። ሁለተኛው ቢያንስ አልዋሸም።

ይህን ሁሉ ምናልባት ይችለው ነበር። ሰፈር ነው፤ ሰፈር ሌላ የሚያላግጥበት ሰው ሲያገኝ ይተዋል። የማይችለው ከጣንጣ መጣ። ረሻ ደወለች፤ ድምፅዋ የልቅሶ ነው።

«አባዬ፣ አማቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን የምትወድቅበትን ቦታ በስልኳ እየከፈተች ታሳያለች። ‹የምራቴ አባት ይኸውላችሁ፤ ሳይሰበር የሚወድቅ› ትላለች። እኔ አባቴ ነው አልኳቸው። በልጄ ማልኩ። ዳይሬክተሩ ራሱ አሻንጉሊት ነው ሲል በቴሌቪዥን አሳዩኝ።»

«ይዋሻል፣ ልጄ።»

«ሁሉም ይዋሻል?» አለች። «አባዬ፣ እኔ ልጅህ ነኝ። ለኸሚስ የምትለውን አትበለኝ። አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ባዩሚ ብዙ ጊዜ ወድቋል፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን የጣለው የለም። «እኔ ነኝ» አላት። «እሺ አባዬ፣ ደህና ሁን» ብላ ዘጋች። «እሺ» ያለችው ለታመመ ሰው እንደሚባለው ነበር።

በማግስቱ ባዩሚ ወደ ጋዜጣው ደውሎ ዋግዲ መናዊሺን አስጠራ። «ኡስታዝ፣ አሻንጉሊት ያሉኝ እኔ ነኝ። ዓርብ ከጸሎት በኋላ ከቤቴ ሰገነት እወድቃለሁ። ገመድ የለም። ይምጡና ይዩ» አለው። ዋግዲ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ግን መሳቁን አቆመ፤ ጥሩ ጽሑፍ ሸትቶታል። «በቃልዎ ይገኙ፤ እመጣለሁ» አለ።

ኒዕማት ስትሰማ ራሷን ይዛ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ አብደሃል! ጉልበትህ ደረጃ መውጣት አቅቶት ግድግዳ ይዘህ ነው የምትወጣው! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት አንተ ነህ!»

«ረሻ አላመነችኝም፣ ኒዕማት።»

«እኔ አምኜሃለሁ! ትከሻህን በዘይት ያሸሁት እኔ ነኝ! እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ» አለ ባዩሚ። ባሎች ይህን ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ አያውቁም። ኒዕማት ቀኑን ሙሉ አላነጋገረችውም። ዓርብ ጠዋት ግን ከባለ ሱቁ ካርቶን ሲሰበስብ በመስኮት አየችው፤ ካርቶኑ ጥቂት ነው። የተዳረችበትን የጥጥ ፍራሽ ከአልጋው አወረደች፣ በደረጃው እየጎተተች ወደ ውጭ አወጣችው፣ በካርቶኑ ላይ ጣለችው። ሰፈሩም የጥጥ ፍራሽ መሆኑን ሲያይ ሳቁን አልቻለውም።

ከጸሎት በኋላ መንገዱ በሰው ጢም አለ። ሱብያ የሚሉትን ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሸጥ መጣ፣ የተቆላ ሱፍ የሚሸጥ መጣ። ኸሚስ ወንበሮቹን አስፋልት ላይ አወጣ። ዋግዲ መናዊሺ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ፣ ሻይ በናና እየጠጣ፣ ለሚጨብጡት ሁሉ በትሕትና እጅ ይሰጣል። ስልኮች ሁሉ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ተደግነዋል።

ባዩሚ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ቁመቱ ከመጋዘኑ ያንሳል፤ በዚህ አልፈራም። ካርቶኑ መጠኑ ልክ ነው፤ በዚህም አልፈራም። ዓይኑን ጨፈነ፣ ትንፋሹን አወጣ፣ አንገቱን ሊጥል ሲል ከታች ዚንሁም ጮኸ።

«ጥጡ! አንተ መሆንህን በምን እናውቃለን? እጅህን አወዛውዝልን!»

ሕዝቡ ሳቀ። ባዩሚ ግን ዓይኑን ገለጠ። ስልኮቹን አየ። ረሻም የምታየው በስልክ እንደሆነ አሰበ። ጣንጣ ውስጥ፣ በአማቷ እጅ ባለች ትንሽ መስታወት ላይ፣ ከሩቅ አንድ ልቅ ነገር ከሰገነት ሲወርድ ታያለች። እጁ ይንጠለጠላል፣ አንገቱ ይወዛወዛል። አማቷም «ሌላ አሻንጉሊት» ትላለች። እንደ ሬሳ ቢወድቅ፣ እንደገና ጥጥ ነው። ሰው መሆኑ እንዲታይ እንደ ሰው መውደቅ አለበት።

ያወቀው እዚያች ላይ ነው። ምን እንደሚያስከፍልም ያውቅ ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሐጅ ዘናቲም ትዝ ሳይለው አልቀረም። ሆኖም ሰው ሙያውን ከልጁ አያስበልጥም።

ዘለለ። እጆቹን ዘረጋ፣ እግሮቹን አንፈራገጠ፣ «ረሻ!» ብሎ ጮኸ። መሬቱን አየ። ሰውነቱ አየር ላይ ዞረ፤ ካርቶኑን በግማሽ ጎኑ ብቻ ነካው፣ ፍራሹ ተንሸራተተ፣ ወገቡም የሕንፃው መግቢያ የድንጋይ ደረጃ ጠርዝ ላይ አረፈ። ድምፁን መንገዱ በሙሉ ሰማው።

የመጀመሪያዋ የደረሰችው ኒዕማት ናት። እንዳይነኩት እየጮኸች በላዩ ተደፋች። ኸሚስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ «አቡ ረሻ፣ አቡ ረሻ» ይላል፤ ስሙ ተመለሰለት። ባዩሚ ነፍሱን አልሳተም። ሰማዩን ያያል፣ ሰዉንም ይሰማል። ወገቡ ላይ ሕመም አለ፤ ከወገቡ በታች ምንም የለም።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ሕዝቡ ተጨናነቀ። ሕዝብ ደግሞ ያየውን ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ዋግዲ መናዊሺ ዞረ። ሐያሲው ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ዞር ብሎ ሲያየው ፍርድ መስጠት ለምዷል።

«ምስኪን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምስኪን ሰው። እንግዲህ አያችሁት፤ ሕያው ሰው ሲወድቅ እንዲህ ነው። ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል፣ መሬቱን ይሸሻል። እንግዲያው ያ በፊልሙ ላይ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል?»

«አይችልም» አለ ዚንሁም፣ ፊቱን እየጠረገ።

«አሻንጉሊት ነው» አለ ከኋላ አንዱ። «አሻንጉሊት ነበር» አለች አንዲት ሴት። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም፤ ሁሉም በኀዘን ነበር የሚናገረው። ባዩሚ ተንጋሎ ሁሉንም ሰማ። እሱም በእነሱ ቦታ ቢሆን እንደዚያ ይፈርድ ነበር። እንደዚህ የወደቀ ሰው ያንን የፊልሙን አወዳደቅ ወደቀ ብሎ ማን ያምናል?

ረሻ በማግስቱ ሆስፒታል ደረሰች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን ስትዳብስ ቆየች፤ እሱ አልተሰማውም።

«አየሽው?» አላት።

«አየሁት፣ አባዬ። ስሜን ስትጠራ ሰማሁ።»

«እንግዲህ አመንሽ።»

ረሻ እንባዋን በሻሽዋ ጠረገች። «አባዬ፣ እኔ እኮ አላፈርኩብህም ነበር። ‹አሻንጉሊት ነው ልጄ፣ ሰው ላስቅ ብዬ ነው› ብትለኝ ኖሮ ከአማቴ ፊት ቆሜ እስቅላት ነበር። ለእኔ ለምን ትዋሻለህ? ለውሸት ብለህ እግርህን አጣህ።»

ኒዕማት ከመስኮቱ አጠገብ ብድግ አለች። አፏ ተከፍቷል፤ ትከሻውን በዘይት ያሸችበት እጇ ወደ ላይ ተነሥቷል። ባዩሚ በዓይኑ ከለከላት። ልጁን አያት። ፊቷ ከእንቅልፍ ማጣት ገርጥቷል፤ የመጣችው ልትምረው ነው፣ የምትምርበትን ነገር ብቻ ነው የምትለምነው።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አላት።

ረሻም ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችውና ይቅር አለችው።